ማለርቬግ

ማለርቬግ (ትርጉሙ «የሠዓሊዎች መንገድ») በምሥራቅ ጀርመን፣ ከድሬስደን ደቡብ ምሥራቅ፣ በኤልበ ወንዝ ግራና ቀኝ በሚገኘው የሳክሶን ስዊዘርላንድ አካባቢ የሚያልፍ የእግረኛ መንገድ ነው። ርዝመቱ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ ተጓዦች በ8 ቀን እንዲጨርሱት በ8 ምዕራፍ ተከፍሏል። ፒርና ከተማ አጠገብ ካለው የሊበታል ሸለቆ ተነሥቶ፣ በአሸዋ ድንጋይ ገደላ ገደሎችና በባስታይ ድልድይ በኩል ዞሮ ፒርና ላይ ያበቃል።

አካባቢው የሮማንቲሲዝም ሠዓሊውን ካስፓር ዳቪድ ፍሪድሪክን (1774–1840 እ.ኤ.አ.) በእጅጉ ስቧል። ፍሪድሪክ በ1818 እ.ኤ.አ. ገደማ በሣለው «ከጉም ባሕር በላይ ያለው መንገደኛ» በተሰኘው ሥራው ላይ፣ ሰውየው የቆመበትን ቋጥኝ የነደፈው ካይዘርክሮነ ከተባለው ኮረብታ ነው። ሥዕሉ ዛሬ በሐምቡርግ የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ይገኛል።