የፎቶግራፍ ትረካ

የፎቶግራፍ ትረካ (አንዳንዴም «ፎቶ ኢሴይ» ይባላል) አንድን ታሪክ በጥቂት ፎቶግራፎች፣ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 12 በሚሆኑ፣ በቅደም ተከተል የሚናገር የፎቶግራፍ ሥራ ዓይነት ነው። ከአልበም የሚለየው በምርጫና በአደራደር ነው። ከአልበም አንድ ፎቶ ቢወጣ ሌሎቹ እንዳሉ ይቆያሉ፤ በትረካ ውስጥ ግን አንዱ ሲነሣ ወይም ቦታ ሲለውጥ የቀሩት ትርጉምም አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ የትረካው ባለቤት ፎቶ አንሺው ብቻ አይደለም፤ የመረጠው፣ የደረደረውና መግለጫውን የጻፈውም ሰው ድርሻ አለው።

አሠራር

በአንድ ትረካ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ቦታውን የሚያሳይ ሰፊ ፎቶ፣ የሰው ፊት፣ የድርጊት ፎቶ፣ ቀረብ ብሎ የተነሣ ዝርዝርና ታሪኩን የሚዘጋ ፎቶ ይገኛሉ። ይህ ግን ሕግ አይደለም።

ለምሳሌ የጎንደርን ጥምቀት በሰባት ፎቶ መተረክ ይቻላል። የመጀመሪያው የአፄ ፋሲል መዋኛ ከበዓሉ በፊት ደረቅ እንደሆነ የሚያሳይ ነው፤ ገንዳው ከቀሐ ወንዝ በሚመጣ ውኃ የሚሞላው ለበዓሉ ነውና። ሁለተኛው ጥር 10 ቀን፣ በከተራ፣ ታቦታቱ ከየአድባራቱ ሲወጡ፤ ሦስተኛው ዝርዝር፣ ጸናጽል የያዘ እጅ ወይም የግቢውን የድንጋይ አጥር ጨብጦ የወረደ የዛፍ ሥር፤ አራተኛው በጋቢ ተጠቅልሎ በውኃው ዳር የሚያድር ምእመን፤ አምስተኛው ጥር 11 ንጋት ላይ ውኃው ሲባረክ፤ ስድስተኛው ወጣቶች ወደ ገንዳው ሲዘሉ፤ ሰባተኛው ጥር 12 ቀን የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ሲመለስ። በየዓመቱ በብዛት የሚታየው ስድስተኛው ነው፤ ብቻውን ሲታይ ግን የዋና ውድድር ሊመስል ይችላል። ሌሊቱን የሚያሳየው አራተኛው ፎቶ ከፊቱ ሲኖር ነው የዝላዩ ደስታ ከየት እንደመጣ የሚገባው።

የደረቁን ገንዳ ፎቶ ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው ማዛወርም ታሪኩን ይለውጠዋል። መጀመሪያ ላይ ሲሆን መጠባበቅን ያሳያል። መጨረሻ ላይ ሲሆን ደግሞ በዓሉ ካለፈ በኋላ አብዛኛውን ዓመት ያለ ውኃ ስለሚከርም ቅርስ ይናገራል። ፎቶው ግን ያው ነው።

ታቦት ተሸፍኖ ይወጣል፤ መቅደስም ለሁሉ የሚከፈት አይደለም። በእንዲህ ያለ ጊዜ የማይታየውን ነገር በሚሰግዱለት ሰዎች ፊት ማሳየት የተለመደ መፍትሔ ነው።

ከካሜራ በፊት

ሥዕልን በተራ መደርደርና ማንበብ ለጎንደር አዲስ አይደለም። በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተሠሩት የጎንደር ዘመን የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች፣ ለምሳሌ በደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ የክርስቶስ ሕይወትና የሰማዕታት ገድል በየክፍሉ ተከፍሎ በግድግዳ ላይ ተቀምጧል። ማንበብ የማይችል ምእመንም ታሪኩን እንዲከተል የሚረዱ ልማዶች ነበሩ፤ ከእነዚህ አንዱ ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች ግን በጎን በአንድ ዓይን መሣላቸው ነው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተስፋፋው የንግሥተ ሳባ ሥዕልም ታሪኩን ብዙ ጊዜ በ44 ትናንሽ ክፍሎች ከግራ ወደ ቀኝ ይተርካል፤ በየሥዕሉ ሥርም አጭር የአማርኛ መግለጫ ይጻፋል። ቁጥሩ ከጎንደር «አርባ አራቱ ታቦት» ጋር መግጠሙ ልብ ይሏል።

የ1924 ዓ.ም. የጎንደር ሥራ

በማርሴል ግሪዮል የተመራው የዳካር–ጅቡቲ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ከ1924 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ እስከ ኅዳር 1925 ዓ.ም. ጎንደር ቆይቷል። ከአባላቱ አንዱ ጸሐፊው ሚሼል ሌሪስ ነበር። ሌሪስ በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ አስተርጓሚነት መልካም አያሁ በምትባል የታወቀች የዛር ባለውቃቢ ቤት እየተመላለሰ ሥርዓቱን መዘገበ። በ1925 ዓ.ም. በፓሪስ የወጣው «ሚኖቶር» መጽሔት ሁለተኛ ቁጥር ለዚህ ጉዞ የተሰጠ ሲሆን፣ ሌሪስ ሰይፉ ጨንገር ለተባለ ዛር ስለቀረበ የበሬ መሥዋዕት የጻፈው በፎቶግራፍ የታጀበ ጽሑፍ እዚያ ታትሟል። ጎንደር ውስጥ የተፈጸመ አንድ ክንውን በፎቶና በጽሑፍ ተቀናብሮ ከቀረበባቸው ቀደምት ሥራዎች አንዱ ነው።

ሥራው ዋጋ ያለው ሰነድ ቢሆንም ሁለት ነገሮች አብረው መታወቅ አለባቸው። ለመሥዋዕት የሚቀርቡ እንስሳትን ወጪ ቡድኑ ይሸፍን ስለነበር ፎቶ አንሺዎቹ የሚያነሡት ነገር እንዲፈጸም ራሳቸው አስተዋጽኦ አድርገዋል፤ ይህ በፎቶዎቹ ላይ አይታይም። በተጨማሪም ጽሑፉ የተዘጋጀው በፈረንሳይኛ ለፓሪስ አንባቢ በመሆኑ የዛሩ ቤት ሴቶች ምን ተመርጦ ምን እንደተተወ አይተው ሊያርሙት አልቻሉም።

ይኸው ቡድን የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን የጥንት ሥዕሎች ከግድግዳ አንሥቶ በምትካቸው ሠዓሊው ጋስቶን ሉዊ ሩ የሠራቸውን ቅጂዎች አስቀምጧል። ዋናዎቹ ሥዕሎች ዛሬ በፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። ለአንድ ሕንፃ ግድግዳ ተብለው በቦታ በቦታቸው የተሣሉ ሥዕሎች ከቦታቸው ሲለዩ የጠፋው ባለቤትነት ብቻ አይደለም፤ የሚነበቡበትም ተራ አብሮ ፈርሷል።

በሌላው ዓለምና በኢትዮጵያ

ዘርፉ መልኩን የያዘው በሥዕላዊ መጽሔቶች ነው። ዩጂን ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካው «ላይፍ» ያወጣው «የገጠር ሐኪም» እስከ ዛሬ በትምህርት ቤቶች ይጠቀሳል። ስሚዝ በኮሎራዶ የምትገኝ የአንዲት ትንሽ ከተማ ሐኪም የሆኑትን ኧርነስት ሴሪያኒን ለሳምንታት ተከትሏቸዋል፤ ትረካው ቦርሳቸውን ይዘው በሜዳ ሲሄዱ ይጀምርና ከቀዶ ጥገና በኋላ ደክሟቸው፣ ቡና ይዘው ቆመው ያበቃል።

በኢትዮጵያ የአደራደርን ኃይል ያሳየው ትልቁ አጋጣሚ ፎቶግራፍ ሳይሆን ፊልም ነበር። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማምሻውን የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የጆናታን ዲምብልቢን የወሎ ረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር እያፈራረቀ አሳየ፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ። ረሃቡም ግብዣውም እውነት ነበሩ፤ ክሱን ያቀረበው ግን መፈራረቃቸው ነው።

በቅርብ ጊዜ ደግሞ ፎቶ ጋዜጠኛው ሙሉጌታ አየነ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. 157 ሰዎች ስላለቁበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 አደጋ ባቀረበው ተከታታይ ሥራ በ2012 ዓ.ም. በዓለም ፕሬስ ፎቶ ውድድር ተሸልሟል። ከፎቶዎቹ አንዱ በአደጋው ቦታ በፊቷ ላይ አፈር የምትበትን ሐዘንተኛ ያሳያል።

ለትረካ ሁለት ፎቶም ሊበቃ ይችላል። ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት፣ እ.ኤ.አ. በ1868፣ የተነሡ የሰሜን ኢትዮጵያ መልክዓ ምድር ፎቶዎችን ይዘው ከ140 ዓመት በኋላ በየቦታው ቆመው ዳግም አነሡ። ሲነጻጸሩ ብዙዎቹ ቦታዎች ዛሬ ከድሮው የበለጠ ዛፍ እንዳላቸው ታየ፤ «ድሮ ሁሉ ደን ነበር» ከሚለው የተለመደ አባባል ጋር አይገጥምም። ዘዴው ለሰሜን ተራሮችም ያገለግላል።

መግለጫና ቀን

መግለጫ ማን፣ የት፣ መቼ የሚለውን ይመልሳል፤ በፎቶው ላይ የሚታየውን መድገም አያስፈልገውም። በኢትዮጵያ «መቼ» የሚለው የራሱ ጣጣ አለው። ካሜራና ስልክ በፋይሉ ውስጥ የሚመዘግቡት የፈረንጆችን ቀንና ሰዓት በመሆኑ የጥምቀት ንጋት 12 ሰዓት «06:00» ሆኖ ይገኛል። ጥር 11ም አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ሲሆን፣ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ግን ጃንዋሪ 20 ላይ ይውላል። ፎቶው በቴሌግራም እንደ ተራ ምስል ከተላከ ይህ መረጃ ከፋይሉ ይጠፋል፤ እንደ ፋይል ከተላከ ግን ይቆያል።