«የናይሮቢ ዝንብ» ዝንብ አይደለችም፦ የአንዲት ጢንዚዛ ስምና ምደባ ታሪክ

በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ ዝናብ በርትቶ በከረመ ቁጥር የሕዝቡ መነጋገሪያ የምትሆን አንዲት ትንሽ ፍጥረት አለች። ርዝመቷ ከአንድ ሳንቲሜትር አይበልጥም። ራሷና የሆዷ ጫፍ ጥቁር፣ ደረቷና የቀረው ሆዷ ብርቱካንማ ቀይ ነው። ሕዝቡ «የናይሮቢ ዝንብ» ይላታል። ይሁን እንጂ ዝንብ አይደለችም፤ ሳይንሳዊ ስሟም ናይሮቢ በ1899 ከመቆርቆሯ በፊት የወጣ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ዝንብ የማትባልበትን ምክንያት እንመልከት። ዝንቦች የሚመደቡት ሁለት መብረሪያ ክንፎች ብቻ ካላቸው ነፍሳት ጋር ነው። ይህች ግን አራት ክንፎች አሏት። የፊተኞቹ ሁለቱ ጠንክረው ክዳን ሆነዋል፤ የኋለኞቹ ከክዳኑ ሥር ታጥፈው ይቀመጣሉ። ይህም የጢንዚዛዎች ማለትም ኮሊዮፕቴራ የተባለው ክፍለ መደብ ዋነኛ ምልክት ነው። ክዳኑ አጭር በመሆኑና አብዛኛውን ሆዷን ገልጦ በመተዉ ደግሞ ስታፊሊኒዴ ከተባለው ቤተሰብ ትገባለች።

የምደባው ታሪክ ከስዊድናዊው ሊኔየስ ይጀምራል። እርሱ በ1758 የዚህችን ጢንዚዛ አንዲት አውሮፓዊት ዘመድ ስታፊሊኑስ ሪፓሪዩስ ብሎ ሰይሞ ነበር። ደቀ መዝሙሩ ፋብሪሲየስ በ1775 ፔደሩስ የተባለውን ወገን አቋቋመ፤ የሊኔየስ ጢንዚዛም ዛሬ የምትቆጠረው በዚሁ ወገን ነው። የበርሊኑ ሊቅ ኤሪክሶን በ1840 ፔደሩስ ሳቤዩስ የተባለችውን ዝርያ ገለጸ። ቃሉ «የሳባ» ማለት ነው። በ1850 ደግሞ ሬሽ የተባለ የፓሪስ የጢንዚዛ ተመራማሪ ፔደሩስ ኤክሲሚዩስ የተባለችውን ሁለተኛ ዝርያ ስም አወጣላት። ሬሽ ጢንዚዛዎቹን የገለጸው ፌሬና ጋሊኒዬ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች በትግራይ፣ በሰሜንና በአማራ ስላደረጉት ጉዞ ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ ነው። እንግዲህ ዛሬ በናይሮቢ ስም የምትጠራው ጢንዚዛ ታሪክ ከሀገራችንም ጋር የተያያዘ ነው። «የናይሮቢ ዝንብ» የሚለው አንድ ስምም ሁለት ዝርያዎችን ያጠቃልላል።

በናይሮቢ የተፈጥሮ ጥናት ማኅበር በ1909፣ ሙዚየሙም በ1910 ተቋቋመ። ሙዚየሙ በ1930 በአገረ ገዢው በኮሪንደን ስም ተሰይሞ ቆየና ከነጻነት በኋላ የኬንያ ብሔራዊ ሙዚየም ተባለ። በ1935 ስለዚችው ቆዳ የምታቆስል የምሥራቅ አፍሪካ ጢንዚዛ ጥናት ታተመ፤ ጥናቱ የተጠቀመበት ግን ከሁለቱ የተለየ ሦስተኛ የዝርያ ስም ነበር። ስም ሲለዋወጥ የቀድሞውን ጥናት ከአሁኑ ጋር ማገናኘት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ከዚህ እንረዳለን። በ1970 ደግሞ ኬንያዊው ሊቅ ቶማስ ኦዲያምቦ ዓለም አቀፉን የነፍሳት ምርምር ማዕከል በናይሮቢ መሠረቱ። አፍሪካውያን የራሳቸውን ነፍሳት በራሳቸው ምድር እንዲያጠኑ መንገድ የከፈተ ተቋም ነው።

ይህ ሁሉ የስም ጉዳይ ለተራው ሰው ምን ይጠቅመዋል? ብዙ ይጠቅመዋል። ጢንዚዛዋ አትነክስም፣ አትናደፍም። መርዟ ፔደሪን ይባላል፤ ያለውም በሰውነቷ ፈሳሽ ውስጥ ነው። ሰው እንደ ዝንብ መትቶ ሲጨፈልቃት መርዙ ቆዳው ላይ ይፈስሳል፤ ከአንድ ቀን ገደማ በኋላ ቆዳው ይቀላል፣ ውሃም ይቋጥራል። በዚያው እጅ ዓይን ቢታሽ ዓይን ያብጣል፤ ይህም «የናይሮቢ ዓይን» ይባላል። በ1997 እና በ1998 የኤል ኒኞ ዝናብ ምሥራቅ አፍሪካን ሲመታ ጢንዚዛዎቹ እጅግ በዝተው ብዙ ሰው ተጎድቷል። ስለዚህ ቆዳ ላይ ብታርፍ እፍ ብሎ ማባረር፣ ከተጨፈለቀችም ቦታውን ቶሎ በውሃና በሳሙና መታጠብ ይገባል። ማታ በብርሃን ስለምትሳብም መብራት መቀነስ ይረዳል።

በሌላ በኩል ይህች ጢንዚዛ የሰብል ተባዮችን እየበላች ገበሬውን ትረዳለች። ሁሉንም በመርዝ እንፍጅ የሚለው አስተሳሰብ ስለዚህ ትክክል አይደለም። መርዙን የሚሠሩትም በሰውነቷ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች መሆናቸው ከጊዜ በኋላ ተደርሶበታል።

እኛ መምህራን ምደባን ስናስተምር ብዙ ጊዜ ተማሪው የላቲን ስም እንዲሸመድድ እናደርጋለን። ከዚያ ይልቅ ጉዳት የማያደርስ ጢንዚዛና ዝንብ ጎን ለጎን አስቀምጦ ክንፋቸውን ማስቆጠር ይሻላል። ክንፍ የቆጠረ ተማሪ የናይሮቢዋን ጢንዚዛ ከዝንብ ይለያል፤ የለየም እጁን ለጥፊ ከማንሣቱ በፊት ያስባል።