ከአስዋን እስከ ሲሪንቃ፦ የግድብ ሃይድሮጂንን ማን ገደለው?

ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ከተመረቀ ወዲህ «ቀጣዩ አረንጓዴ ሃይድሮጂን ነው» የሚል ወሬ በየውይይቱ እየበዛ ነው። ውሃን በኤሌክትሪክ ሰንጥቀን ሃይድሮጂን እናወጣለን፣ ለአውሮፓ እንሸጣለን፣ የቆሙ ፋብሪካዎቻችን ነፍስ ይዘራሉ ይባላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአውስትራሊያው ፎርተስኪው ኩባንያ በዚሁ ጉዳይ ከመንግሥት ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈራርሞ እንደነበር የሚያስታውስ ያስታውሳል። ሐሳቡን የሚያነሱት ሰዎች ክፉ አላሰቡም። ነገሩን ትናንት እንደተወለደ አድርገው ማውራታቸው ግን ያሳስበኛል። ከግድብ ኤሌክትሪክ ሃይድሮጂን ማውጣት መቶ ዓመት የሚጠጋ ታሪክ አለው። በራሳችን በዓባይ ውሃ ሳይቀር ለአሥርተ ዓመታት ተሠርቶበታል፤ እኛ ዘንድ አይደለም እንጂ።

ሃይድሮጂን ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው መኪና ነው። ወደ እኛ አገር ግን ሃይድሮጂን የሚገባው በጆንያ ነው። አንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጂን አለ። ናይትሮጂኑ ከአየር ይወሰዳል፤ አየር ደግሞ በነጻ ነው። ገንዘብ የሚበላው ከናይትሮጂኑ ጋር ተዋህዶ አሞኒያ የሚሆነው ሃይድሮጂን ነው። አሞኒያው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲዋሃድ ዩሪያ ይወጣል። መንገዱን ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሃበር አገኘው፣ ካርል ቦሽ ለፋብሪካ አበቃው፣ የመጀመሪያው ፋብሪካም እ.ኤ.አ. በ1913 ኦፓው ላይ ሥራ ጀመረ። ዛሬ ዓለም ሃይድሮጂኑን በብዛት የሚያወጣው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ ቻይና ደግሞ ከድንጋይ ከሰል።

ይህ ነገር ሲሪንቃ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። ከወልዲያ ወደ መርሳ በሚወስደው መንገድ ያለው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ስሙ የሚነሳው በማሽላ ነው። «የጁ» እና «ግራና-1» የተባሉት የማሽላ ዝርያዎች የዚያ ቤት ሥራ ናቸው፤ የሁለተኛውን ስም የሀብሩ ሰው ሲሰማ የራሱን አገር ስም ነው የሚሰማው። በሀብሩና በቆቦ ቆላ የማሽላ ትልቁ ጠላት ከዝናብ እጥረት ቀጥሎ አቀንጭራ ነው። ተመራማሪዎቹ ዓመታት የለፉትም አቀንጭራን የሚቋቋም፣ ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ለማግኘት ነው። አቀንጭራ የሚበረታው ደግሞ ናይትሮጂን ባለቀበት፣ በደከመ መሬት ላይ ነው። ስለዚህ ዩሪያ በወቅቱ ያልደረሰው ገበሬ ሁለት ጊዜ ይከስራል። ማሽላው ይቀጭጫል፣ የቀጨጨውንም አቀንጭራ ከሥሩ ይመጥጠዋል። ማዕከሉ ራሱ በ2013 ማብቂያና በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ በነበረው ጦርነት ተዘርፎ ወድሞ፣ እንደገና ከዜሮ መነሳት ነበረበት። በ2015 ክረምት ደግሞ የአማራ ክልል ገበሬ ማዳበሪያ አጥቶ አደባባይ እስከመውጣት ደረሰ። የዘር ወቅት ማንንም አይጠብቅም።

እንግዲህ አገራችን በዓመት ከ20 ሚሊዮን ኩንታል በላይ ማዳበሪያ ከውጭ ታስገባለች፤ ሒሳቡም ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ይደርሳል። ስለ ሃይድሮጂንና ስለ ኢንዱስትሪ ትንሣኤ ማውራት ከፈለግን ከዚህ መጀመር አለብን።

አሁን ወደ አስዋን እንሂድ። ግብጾች በአሮጌው የአስዋን ግድብ ላይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሲተክሉ ኃይሉን ምን ላይ እንደሚያውሉት አስቀድመው አስበው ነበር። «ኪማ» የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1956 ተቋቋመ፣ በ1960 ማምረት ጀመረ። ሥራው ከዓባይ ውሃ በኤሌክትሮሊሲስ ሃይድሮጂን ማውጣት፣ ከዚያም የናይትሬት ማዳበሪያ መሥራት ነበር። ማለትም ከጣና ሥር፣ ከጎጃምና ከወሎ ተራራ ታጥቦ የወረደው ውሃ መጀመሪያ ተርባይን ያዞራል፤ ቀጥሎ ራሱ ይሰነጠቅና የላይኛው ግብጽ ሸንኮራ አገዳና ስንዴ ምግብ ይሆናል። የእኛን አፈር በደለል የወሰደ ወንዝ ማዳበሪያም ሠራላቸው! በዚያው በ1950ዎቹ ዓ.ም እኛ ኬሚካል ማዳበሪያን ገና አልተዋወቅነውም። በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ካዱ፣ አሰላ ላይ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው።

ግብጾች ፈጣሪዎቹ አልነበሩም፤ ሥራው የኖርዌይ ነበር። ኖርስክ ሃይድሮ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1905 ሲመሠረት ኖርዌይ ደሃ አገር ነበረች፤ ከሰልም ጋዝም አልነበራትም፤ ፏፏቴ ግን ሞልቷታል። መጀመሪያ አየርን በኤሌክትሪክ ብልጭታ እያቃጠሉ ናይትሬት ይሠሩ ነበር፤ ያ ኃይል በላተኛ ሆኖ ሲያስቸግር በ1920ዎቹ ማብቂያ ወደ ሃበርና ቦሽ መንገድ ዞሩ። ቬሞርክ በተባለው ቦታ ኃይል ማመንጫው አጠገብ የሃይድሮጂን ፋብሪካ ቆመ። የዚያ ፋብሪካ ተረፈ ምርት የነበረው «ከባድ ውሃ» ለናዚ ጀርመን የኒውክሌር ምርምር እንዳይውል እ.ኤ.አ. በየካቲት 1943 የኖርዌይ አርበኞች ሌሊት ገብተው አፈነዱት። ብዙ ሰው ቬሞርክን የሚያውቀው በዚህ ጀብዱ ነው። ለእኛ ግን የሚጠቅመን ሌላው ነገር ነው። ፏፏቴውንም፣ ማመንጫውንም፣ የማዳበሪያ ፋብሪካውንም የያዘው አንድ ኩባንያ ነበር። ኤሌክትሪኩን ነጥቆ ለሌላ የሚሸጥ አልነበረም። መንግሥት በበኩሉ በሕግ አሰረው፤ ፏፏቴ የወሰደ የግል ኩባንያ የፈቃድ ዘመኑ ሲያልቅ ሁሉንም ለመንግሥት እንዲመልስ የሚያስገድድ ሕግ ነበር። የዛሬው ያራ፣ የዓለም ትልቅ ማዳበሪያ አምራች፣ የዚያ ኩባንያ ልጅ ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ ወደ እኛ ይቀርባል። ዚምባብዌ ውስጥ ኩዌኩዌ ከተማ ያለው ሴብል ኬሚካልስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ከካሪባ ግድብ በሚመጣ ኤሌክትሪክ ውሃ ሰንጥቆ አሞኒየም ናይትሬት ማምረት ጀመረ። አገሪቱ በማዕቀብ ሥር ነበረች፤ ከውጭ አሞኒያ ማስገባት አስተማማኝ አልነበረም። ይህ ፋብሪካ ከአርባ ዓመት በላይ የአገሪቱን ገበሬ መገበ።

ታዲያ ዛሬ የት ናቸው? የቬሞርክ ፋብሪካ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተዘጋ፤ የሰሜን ባሕር ጋዝ መጣ፣ ኤሌክትሪኩ ደግሞ ሌላ የተሻለ ገዥ አገኘ። ኪማ ኤሌክትሮሊሲሱን ትቶ በተፈጥሮ ጋዝ የሚሠራ አዲስ ፋብሪካ ተከለ። ሴብል እ.ኤ.አ. በ2015 የውሃ መሰንጠቂያውን አጠፋ። ካሪባ ውሃው አንሶ አገሩ በመብራት መቆራረጥ ሲሰቃይ አንድ ፋብሪካ ያን ያህል ኃይል በርካሽ ሊወስድ አይችልም ተባለ፤ ዛሬ አሞኒያ ከደቡብ አፍሪካ ያስመጣል። ልብ በሉ፣ ከሦስቱ አንዱንም ቴክኖሎጂው አልከዳውም። የገደላቸው ርካሽ ጋዝና የኤሌክትሪኩ ሌላ ገዥ ነው።

የእኛ ሌላ ገዥ ማን ነው? ሒሳቡን ቀለል አድርገን እንሥራው። በኤሌክትሮሊሲስ አንድ ቶን አሞኒያ ለመሥራት 10 ሺህ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። በአንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 57 ኪሎ ያህል አሞኒያ፣ በዚያ ውስጥ ደግሞ 10 ኪሎ ሃይድሮጂን አለ። ስለዚህ አንድ ኩንታል ዩሪያ 570 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ኬንያ ከኅዳር 2015 ዓ.ም ጀምሮ ከእኛ የምትገዛው አንዱን ኪሎዋት ሰዓት በ6.5 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። በዚያ ዋጋ ብናስበው የአንድ ኩንታል የኤሌክትሪክ ወጪ ብቻ 37 ዶላር ይሆናል። ዩሪያ በዓለም ገበያ ቶኑ 400 ዶላር በሆነ ጊዜ ኩንታሉ 40 ዶላር ነው፤ ለማሽኑ፣ ለሠራተኛውና ለወለዱ የሚተርፈው 3 ዶላር ነው ማለት ነው። ዋጋውን ወደ 3 ሳንቲም ብናወርደው 17 ዶላር ይሆናል፤ ያኔ ነገሩ ያስኬዳል። ቶኑ ከ900 ዶላር በላይ በወጣበት በ2014 ዓ.ም ዓይነት ዘመን ደግሞ በ6.5 ሳንቲምም ያዋጣ ነበር። ያን ዓመት የራሱ ፋብሪካ የነበረው አገር እፎይ ብሎ ተኝቷል።

በመጠኑም እንየው። አንድ ሚሊዮን ቶን ዩሪያ ከውሃ ለመሥራት በዓመት 5.7 ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ሕዳሴ በዓመት ያመነጫል ተብሎ ከታቀደው 15.7 ቢሊዮን ገደማ ውስጥ ከሲሶ በላይ መሆኑ ነው። ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ አሁንም መብራት የለውም። ይህን ያህል ኃይል ለአንድ ፋብሪካ ስጡ ብሎ ከሀብሩ ገጠር ሰው ፊት የሚቆም ፖለቲከኛ ካለ ሒሳቡን ይዞ ይምጣ።

በማዳበሪያ ፋብሪካ የመሠረት ድንጋይ ረገድ እንኳ አናንስም። ያዩ ላይ በድንጋይ ከሰል የሚሠራ፣ በዓመት 300 ሺህ ቶን ዩሪያ ያመርታል የተባለ ፋብሪካ በ2004 ዓ.ም ለሜቴክ ተሰጠ፤ ቢሊዮኖች ፈሰሱበትና ሳይጠናቀቅ ቀረ። በኅዳር 2009 የሞሮኮው ንጉሥ አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ ኦሲፒ ድሬዳዋ ላይ በቢሊዮን ዶላሮች የሚቆጠር ፋብሪካ እንደሚተክል ተፈረመ፤ በ2014 መግቢያ ስምምነቱ ታደሰ፤ ጆንያው ግን እስካሁን አልመጣም። ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም ደግሞ የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ከዳንጎቴ ጋር ተፈራረመ። ጎዴ ላይ፣ 2.5 ቢሊዮን ዶላር፣ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ፣ 60 በመቶው የዳንጎቴ፣ 40 በመቶው የእኛ። የመሠረት ድንጋዩ በመስከረም 2018 ተቀምጧል። ይህኛው ከቀደሙት የሚለየው ሰውየው ናይጄሪያ ውስጥ 3 ሚሊዮን ቶን የሚያመርት ፋብሪካ ሠርቶ ያሳየ መሆኑ ነው። ሃይድሮጂኑ የሚወጣው ግን በንጉሡ ዘመን ከተገኘው የካሉብና የሂላላ ጋዝ ነው። ንጹሕ አይደለም። እኔ በበኩሌ ለዚህ አልከራከርም፤ ዩሪያ አጥቶ ማሳውን ለአቀንጭራ የተወ ገበሬ ስለ ሃይድሮጂኑ ቀለም አይጠይቅም።

የንጹሑ ወዳጆች የሚዘሉት አንድ ነገር አለ። ከውሃ በሚወጣ ሃይድሮጂን ዩሪያ መሥራት አይመችም፤ ዩሪያ ካርቦን ይፈልጋል፣ ውሃ ውስጥ ደግሞ ካርቦን የለም። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ለምሳሌ ከሲሚንቶ ፋብሪካ ጭስ መልቀም ይቻል ይሆናል፣ ግን ውድ ነው። አስዋንም ኩዌኩዌም ናይትሬት የሠሩት ለዚህ ነው። አሞኒየም ናይትሬት ለተክል ግሩም ማዳበሪያ ነው፤ በ2012 ዓ.ም ክረምት ቤይሩት ወደብን ያፈረሰውም እርሱ ነው፣ 2,750 ቶን። ከኖራ ድንጋይ ጋር ሲቀላቀል አደጋው በጣም ይቀንሳል፤ አሲዳማ ለሆነው ለምዕራቡ መሬትም ከዩሪያ ይሻላል። ይሁንና ተኩስ ባልቆመበት ሰሜን ወሎ ንጹሕ ናይትሬት የጫነ መኪና የትኛው ኬላ ያሳልፈዋል? ስለዚህ «አረንጓዴ ማዳበሪያ» የሚል ሁሉ የትኛውን ማዳበሪያ እንደሆነ ይንገረን።

እኔ የምለው ትንሹ ይቅደም ነው። ያራ እ.ኤ.አ. በ2024 ኖርዌይ ሄሮያ ላይ ያስመረቀው የውሃ መሰንጠቂያ 24 ሜጋዋት ብቻ ነው፤ በዓመት 20,500 ቶን አሞኒያ ያወጣል። የሥራው አያት የሆነችው አገር በዚህ መጠን ከጀመረች እኛ በጊጋዋት ማውራታችን ምን ይባላል? 24 ሜጋዋት ከሕዳሴ 5,150 ላይ ቢቀነስ ማንም አይጎዳም፤ ልጆቻችን ግን ሥራውን ይማሩበታል። ቅድመ ሁኔታው የኖርዌዩ ነው። ኃይሉ ለስንት ዓመት፣ በስንት ሳንቲም እንደሚሰጥ በሕግ ይታሰር፤ ነገ ዳታ ማይኒንግ የሚሉት ዶላር ይዞ ሲመጣ እንዳይነጠቅ።

ከዚያ በፊት ግን ኤሌክትሪክ የሚጠብቅ ሌላ ነገር እዚሁ ሰፈራችን አለ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ወልዲያ አጠገብ ሐራ ገበያ ድረስ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የባቡር መስመር በቱርኩ ያፒ መርኬዚ ተጀምሮ ነበር፤ 1.7 ቢሊዮን ዶላር የተያዘለት፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ። የአዋሽ ኮምቦልቻው ክፍል አብዛኛው ሥራ አልቆ የኃይል መስመር አልደረሰለትም፤ ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ፣ ሽቦውና ዕቃው ተዘረፈ። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም በ2009 ዓ.ም የተመረቀው ይህን ባቡር ተስፋ አድርጎ ነው። ዛሬ ለሀብሩ የሚመጣው ዩሪያ ከጅቡቲ በከባድ መኪና፣ በናፍጣ ነው የሚጫነው። ነገ የጎዴው ፋብሪካ ቢያመርት እንኳ ኩንታሉን ከሶማሌ ክልል ሲሪንቃ ድረስ ለማድረስ የሚከፈለው የመኪና ኪራይ ዋጋው ላይ ይታከላል። የጎዴው ውል ለሕዝብ ይፋ ሲሆን እኔ መጀመሪያ የማየው ሦስት ቦታ ነው፦ ጋዙ ለፋብሪካው በስንት እንደሚሸጥ፣ የአገር ውስጥ ገበሬ በብር ወይስ በዓለም የዶላር ዋጋ እንደሚገዛ፣ ከጎዴ ወዲህ ያለውን የማጓጓዣ ወጪ ማን እንደሚሸከም።