ከፍታን መላመድና የደም መርጋት

ከፍታን መላመድ፣ ኦክስጅን በሳሳበት ደጋ የሚኖር ሰው አካል ቀስ በቀስ የሚያደርገው ለውጥ ነው። ይህ ለውጥ ደም በሥር ውስጥ የመርጋት ዝንባሌውን ሊጨምር ይችላል። የሰሜን ኢትዮጵያ ደገኞች በዚህ ጥናት ልዩ ቦታ የያዙት ደማቸው ሳይወፍር ከፍታን በመልመዳቸው ነው።

በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ በየትም ቦታ 21 በመቶ ገደማ ነው፤ ወደ ላይ ሲወጣ የሚቀንሰው ግፊቱ ነው። 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው የምዕራብ ኢትዮጵያ ከተማ መቱ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ 83 በመቶ ያህል ነው፤ 3,500 ሜትር ላይ ግን ወደ 65 በመቶ ይወርዳል። ጀበናም ይህን ያውቃል፦ በመቱና በጎረቤቷ ያዮ አካባቢ ውኃ 95 ዲግሪ ገደማ ላይ ሲፈላ፣ በሰሜን ተራሮች ከፍታ 88 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል።

ኦክስጅን ሲያንስ ኩላሊት ኤሪትሮፖይቲን የተባለውን ሆርሞን አብዝቶ ያመነጫል፣ መቅኔም ቀይ የደም ሴሎችን ያበዛል። ውጤቱ በላቦራቶሪ በዓይን ይታያል። ከጣት የተቀዳ ደም በቀጭን የመስታወት ቱቦ ሆኖ በማሽን ሲሽከረከር ቀዩ ከታች ይዘቅጣል፣ ቢጫው ፈሳሽ ከላይ ይቀራል። በጤነኛ ወንድ ቀዩ የደሙን 45 በመቶ ገደማ ይይዛል። 60 በመቶ ካለፈ ግን ደሙ በብርድ ማለዳ እንደሚቀዳ የጫካ ማር እየተጎተተ ይሄዳል።

ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ቪርሆ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ካጠኗቸው የመርጋት መንስኤዎች አንዱ ይኸው የፍሰት መዘግየት ነው፤ ሌሎቹ የሥር ግድግዳ ጉዳትና የደሙ የራሱ ባሕርይ መለወጥ ናቸው። የኦክስጅን እጥረት ሦስቱንም ይነካል፤ የሥሩን ውስጠኛ ሽፋን ያውካል፣ ደም እንዲረጋ የሚያግዙትን ፕሌትሌቶችንም ያነቃቃል። በሂማላያ በሚሰፍሩ የሕንድ ወታደሮች ላይ የታየው መርጋት ለዚህ ምስክር ነው። ፔሩያዊው ካርሎስ ሞንጌ በ1925 እ.ኤ.አ. የገለጹት ሥር የሰደደ የከፍታ በሽታም ከመጠን ያለፈ የቀይ ሴል ብዛት ነው።

የአገራችን ነገር ከዚህ ይለያል። ሲንቲያ ቢል፣ አምሃ ገብረመድኅንና ባልደረቦቻቸው በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮች አማካይ ሂሞግሎቢን (ኦክስጅን የሚሸከመው የቀይ ሴል ፕሮቲን) በዴሲሊትር ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ግራም ሆኖ ተገኘ። ይህ በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው እምብዛም አይለይም። የኦክስጅን ሙሌታቸው 95.3 በመቶ ነበር። በተቀራራቢ ከፍታ የሚኖሩ የአንዲስ ወንዶች ሂሞግሎቢን ወደ 19 ግራም ይደርሳል። እንግዲህ የሰሜን ደገኛ ከመርጋት መንስኤዎች አንዱ፣ የደም መወፈር፣ ቀንሶለታል ማለት ነው። ኢትዮጵያዊ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ባሌ ደጋ ከወጡ 500 ዓመት ገደማ የሆናቸው ኦሮሞዎች ሂሞግሎቢን ከአማሮቹ ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። አማሮቹ በሰሜን ደጋ ቢያንስ 5,000 ዓመት ኖረዋል።

ከደጋው ወደ ወይና ደጋ ስንወርድ፣ ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. የመዘገበው የያዮ የቡና ደን በአብዛኛው ወይና ደጋ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ደምን ያን ያህል አያወፍርም። ስለዚህ በያዮ የአንዲት አራስ አንድ እግር ብቻ አብጦ ቢያማት መንስኤው ከፍታ ነው ብሎ መዘናጋት አደገኛ ነው። ወሊድ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ለረጅም ጊዜ መተኛትና ካንሰር ከወይና ደጋ አየር እጅግ የከበዱ መንስኤዎች ናቸው። በእግሯ እብጠት ላይ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ከተጨመረ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋታል።