የሌቃ ነቀምቴ ገዥዎች አሿሿም

ሌቃ ነቀምቴ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በምሥራቅ ወለጋ የተመሠረተ የኦሮሞ መንግሥት ሲሆን መናገሻው ነቀምቴ ነበረች። የገዥዎቹ አሿሿም በአንድ ቤተሰብ ዘመን ብቻ ከምርጫ ወደ ውርስ፣ ከውርስም ወደ ንጉሠ ነገሥት ፈቃድ ተሸጋግሯል።

ቀድሞ በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ይዘዋወር ነበር። አባ ገዳው ዘመኑ ሲያበቃ ለተተኪው ያስረክባል፤ የጦር መሪው አባ ዱላም እንዲሁ። ጦርነት ሲበረታና የወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና የቡና ንግድ ሲደራ ግን ጦር የያዘ ሰው ሥልጣኑን መልቀቅ ከበደው። በከሬ ጎዳና በክፍለ ዘመኑ አጋማሽ ገደማ ተቀናቃኞቹን አሸንፎ ሞቲ፣ ማለትም ንጉሥ፣ ሆነ። ልጁን ሞረዳን ግን ማንም አልመረጠውም፤ የበከሬ ልጅ መሆኑ በቃው።

ሞረዳ በጎጃምና በሸዋ ፉክክር መካከል ወደቀ። በ1874 ዓ.ም. በሆሮ ጉዱሩ እምባቦ ላይ የሸዋው ንጉሥ የምኒልክ ጦር የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሲማርክ ሞረዳ ለምኒልክ ገብሮ የደጃዝማችነት ማዕረግ አገኘ። አገሩም ለልጁ ለኩምሳ ተላለፈ። ኩምሳ ምኒልክ ክርስትና አንስተውት ገብረ እግዚአብሔር ተባለ፤ እንደ ጅማው አባ ጅፋር ግብር እየላከ በውስጥ ጉዳዩ ራሱን ያስተዳድር ነበር። ልጅ አባቱን ይተካል፣ ማዕረጉ ግን ከቤተ መንግሥት ይመጣል። በእኔ ግምት ይህ ውል ሥርዓቱን ለረጅም ጊዜ ያቆየው ለሁለቱም ወገን ስለተመቸ ነው፤ ሕዝቡን ግን የጠየቀው አልነበረም።

ከኩምሳ ቀጥሎ የገዛው ልጁ ደጃዝማች ሀብተ ማርያም ነው። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ ስትወድቅ የምዕራብ ኦሮሞ ባላባቶችን አስተባብሮ፣ ወለጋ በብሪታንያ ሞግዚትነት እንድትተዳደር ለመንግሥታት ማኅበር ጥያቄ አቀረበ። ብሪታንያ አልተቀበለችም፤ ሀብተ ማርያምም በዓመቱ ገደማ አረፈ።

ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ የጠቅላይ ግዛት ገዥዎችን ሹመት ለንጉሠ ነገሥቱ ሰጠ። በ1949 ዓ.ም. ምርጫ የወለጋ ሕዝብ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴዎችን መረጠ፤ ገዥው ግን በሹመት መምጣቱን ቀጠለ።