ሁለት መቆለፊያ፣ አንድ ኮምፒውተር
እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ ያወጣው ዘገባ፣ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች እንዴት ለስለላ ዒላማ እንደሆኑ አጋለጠ። በኢሜይል በተላከላቸው ሊንክ በኩል የአዶቤ ፍላሽ ማሻሻያ መስሎ የቀረበው ፋይል የእስራኤሉ ሳይበርቢት የስለላ ፕሮግራም ነበር፤ ዒላማውም ኮምፒውተራቸው።

ከዚህ አንጻር፣ የአንድ ጊዜ የመግቢያ ቁጥርን ያለ ስማርት ስልክ ማውጣት ይቻላልን የሚለው ቀላሉ ጥያቄ ነው። ይቻላል፤ በ2011 የወጣው መስፈርት፣ አርኤፍሲ 6238፣ የሚሻው የጋራ ምስጢርና ትክክለኛ ሰዓት ብቻ ነው፤ ስልኩን ያመጣው ልማድ ነው። እንደ ኪፓስኤክስሲ ያለ የዴስክቶፕ ፕሮግራም በየ30 ሴኮንዱ ቁጥሩን ያሰላል።

ከባዱ ጥያቄ ምስጢሩ የት ይቀመጥ የሚለው ነው። የይለፍ ቃሉ ባለበት ኮምፒውተር ከተቀመጠ፣ ሰላዩ ሁለቱንም ባንድነት ሊያገኝ ይችላል። ዩቢኪን በመሰለ፣ በዩኤስቢ በሚሰካ መሣሪያ ውስጥ ሲኖር ግን ቁጥሩ በስክሪኑ ላይ ቢታይም ምስጢሩ ከመሣሪያው አይወጣም።