የአቶም አስኳል እንዴት እንደ ተገኘ

ከጥንት የግሪክ ፈላስፎች እነ ዴሞክሪጦስ፣ ግዙፉ ነገር ሁሉ ሊከፈሉ ከማይችሉ እጅግ ጥቃቅን ነገሮች የተሠራ ነው ብለው ነበርና እያንዳንዱን አቶም፣ ይኸውም የማይከፈል አሉት። ነገር ግን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1897 ዓመት ጆሴፍ ጆን ቶምሰን የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ፣ ከአቶም እጅግ የሚያንስ ኤሌክትሮን መኖሩን ባስረዳ ጊዜ፣ የማይከፈል የተባለው የሚከፈል ሆኖ ተገኘ። ቶምሰንም የቀረው የአቶም አካል በእኩልነት የተዘረጋ ነው ብሎ አስተማረ፤ አሳቡ በምሳሌ ቢነገር፣ ኤሌክትሮኖቹ በሊጥ ውስጥ እንደ ተበተነ ጥቁር አዝሙድ ናቸው።

የቶምሰን ተማሪ የነበረው የኒው ዚላንድ ተወላጅ ኤርነስት ራዘርፎርድ በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ መምህር ሳለ፣ በ1909 ረዳቱ ሐንስ ጋይገርና ገና የ20 ዓመት ተማሪ የነበረው ኤርነስት ማርስደን አንድ ነገር እንዲመረምሩ አዘዘ። አልፋ የሚባለው ጨረር ወደ ስስ የወርቅ ቅጠል ይላካል፤ ከወርቁ ያለፈውም ሆነ የተመለሰው በተቀባ ገበታ ላይ ሲያርፍ ጥቂት ብልጭታ ያሳያል። ሁለቱም በጨለማ ክፍል ተቀምጠው፣ ዓይናቸው ጨለማውን እስኪለምድ ታግሠው፣ ብልጭታውን በአጉሊ መነጽር አንድ በአንድ ይቈጥሩ ነበር።

የቶምሰን ትምህርት እውነት ቢሆን ኖሮ ሁሉም ጥቂት ብቻ ዘንበል ብለው ባለፉ ነበር። በእርግጥም አብዛኞቹ እንዲሁ አለፉ። ነገር ግን ከ20,000 አንድ ያህሉ ከመንገዱ ፈጽሞ ዞረ፤ ወደ መጣበት የተመለሰም ነበር። ራዘርፎርድ ኋላ ሲናገር፣ ነገሩን ወደ ስስ ወረቀት ተተኵሶ ወደ ተኳሹ በተመለሰ የመድፍ ጥይት መስሎታል። ከ20,000 አንዱን የቈጠራ ስሕተት ነው ብሎ መተው ቀላል ነበር፤ እርሱ ግን አልናቀውም። በ1911 የምርመራውን ፍሬ ሲገልጥ፣ የአቶም ክብደት ከጥቂት በቀር ሁሉም በመካከሉ ባለች ጠባብ ስፍራ ተከማችቷል አለ። ይህችም በአማርኛ በእንቍላል አስኳል ስም ተጠራች፤ ይሁን እንጂ ምሳሌው በመጠን አይገጥምም፤ የአቶም አስኳል ስፋት ከአቶሙ ስፋት ከ10,000 እጅ በላይ ያንሳልና። እንዲህም የመምህሩ ትምህርት በደቀ መዝሙሩ እጅ ፈረሰ።

ከዚህ በኋላ የአስኳሉ ውስጥ ተመረመረ። ራዘርፎርድ በ1919 ፕሮቶንን፣ ጄምስ ቻድዊክ በ1932 ኔውትሮንን አስታወቁ። የወርቅ አስኳል 79 ፕሮቶንና 118 ኔውትሮን ይዟል። ፕሮቶኖች አንድ ዓይነት ኤሌክትሪክ ስላላቸው እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ፤ ሆኖም እጅግ በቅርብ ብቻ የሚሠራ ብርቱ ኃይል አጥብቆ አስሯቸዋል።

ራዘርፎርድ ራሱ በ1933 ከዚህ ኃይል ጥቅም የሚጠብቁትን ከንቱ ተስፋ ነው ብሎ ነቀፈ፤ በ1937ም ሞተ። በ1938 መጨረሻ ግን ኦቶ ሐንና ፍሪትስ ሽትራስማን በበርሊን ኡራኒየምን በኔውትሮን መትተው ባሪየም አገኙ። የነገሩን ፍቺ የተረዱት፣ በትውልዷ አይሁዳዊት ስለሆነች በዚያው ዓመት ከጀርመን ወደ ስዊድን የሸሸችው ሊዘ ማይትነርና የእኅቷ ልጅ ኦቶ ፍሪሽ ነበሩ፤ አስኳሉ ለሁለት ተከፍሏል፣ ሲከፈልም ታላቅ ኃይል ይለቃል አሉ።

በ1943 ቦምብ ወደሚሠራበት ስፍራ ወደ አሜሪካ እንድትሄድ ማይትነርን ቢጠይቋት እንቢ አለች፤ የእኅቷ ልጅ ግን ሄደ። በ1945 ሂሮሺማ በዚያ ኃይል ተቃጠለች። ዛሬ ያው ኃይል በብዙ አገሮች መብራት ያበራል። በጨለማ ክፍል ብልጭታ የቈጠሩት ሰዎች ከሁለቱ አንዱንም አልፈለጉም፤ የፈለጉት እውነቱን ማወቅ ነበር። ከታወቀ በኋላ ግን ልሂድ ወይስ ልቅር የሚለው ጥያቄ ለእያንዳንዱ ሰው ቀረበለት፤ ይህንንም ማንም ስለ ሌላው ሊመልስ አልቻለም።